ስድሳ ሰው ለሰባት በር

ማስታወቂያው የተለጠፈው በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ነው። ስድሳ የአካባቢውን ሰው በቋሚነት የቀጠረ የንግድ ሕንፃ ባለቤት ለአምስት ዓመት ከሕንፃ ግብር ነጻ ይሆናል ይላል። የልብስ ፋብሪካው ከተዘጋ ሁለት ዓመት አልፎት ነበርና ሰሌዳው ሥር የተሰበሰበው ሰው ለቀብር የወጣ ይመስላል። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሌላው "እስቲ ድገመው" ይላል።

መቀስ አንድ ጊዜ አንብባ ወደ ቤቷ ሄደች። መቀስ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቅ ቆራጭ ሆና ስትሠራ የወጣላት ነው። አርባ ድርብ ጨርቅ አነባብራ ስትቆርጥ በላይኛውና በታችኛው መካከል የጸጉር ያህል ልዩነት አይገኝም ነበር። ፋብሪካው ሲዘጋ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት ሱሪ እያሳጠረች፣ ዚፕ እየቀየረች፣ የታመሙ አባቷን እያስታመመች ቤት ቀረች።

አባቷ ግንበኛ ነበሩ። ዕድሜ ልካቸውን የሲሚንቶ አቧራ ሲውጡ ኖረው በስተርጅና አቧራው እሳቸውን መዋጥ ጀመረ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ክሊኒክ ወስዳ በጭምብል የሚሳብ መድኃኒት ታሰጣቸዋለች፤ ለሳምንቱ የሚሆን ክኒን ይዛ ትመለሳለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው በነጻ ሕክምና ደብተር ነው። ደብተሩ ቋሚ ሠራተኛ ለሌለበት ቤት የሚሰጥ ነው።

ማስታወቂያው በተለጠፈ በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከደጅ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ መጣ። ሰባት በር ነበር። ሰባት በር ዋናው መንገድ ላይ ያለው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ባለቤት ነው። ሕንፃው በምድር ቤቱ ሰባት የብረት በሮች በተርታ ስላሉት ስሙ ለባለቤቱ ተረፈ። ከሰባቱ ስድስቱ ከተዘጉ ቆይተዋል።

"ይግቡ ጋሼ" አለችው መቀስ፣ በርጩማ እየሳበች።

"ስድሳ ሰው እፈልጋለሁ" አለ ገና ሳይደላደል። "ስፌት የሚያውቅ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የልብስ መስፊያ ልከፍት ነው። እኔ ብጠራ የሚመጣ የለም። አንቺ ካልሽ ግን ይመጣል።"

"እርስዎ ቢጠሩ ለምን አይመጣም?"

ሳቀ። "እኔን ሰው አይወደኝማ። አንቺን ይወዳል። እውነቱን ነው የነገርኩሽ።"

"ማሽኑስ ጋሼ? ጨርቁስ ከየት ነው? ተሰፍቶስ ማን ይገዛዎታል?"

"ሁሉም መንገድ ላይ ነው። አንቺ የሠራተኞቹ ኃላፊ ትሆኛለሽ። ማሽኑ ገብቶ በዓይንሽ ሳታዪ አንድም ሰው እንዳትጠሪ።"

መቀስን የያዛት ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። ሊያታልል የመጣ ሰው "ካላየሽ አትመኚ" አይልም ብላ አሰበች።

ሰውየው ከወጣ በኋላ አባቷ ከአልጋቸው ሆነው "ልጄ" አሉ። "ይሄ ሰው ሰባት በር አለው። በየትኛው እንደሚያስገባሽ ነገረሽ። በየትኛው እንደሚያስወጣሽስ ጠይቀሽዋል?"

"አባባ ደግሞ!"

"ሳቂ፣ ሳቂ" አሉ እየሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ጀርባቸውን ደግፋ ትራሱን ከፍ አደረገችላቸው።

ማሽኖቹ በሳምንቱ መጡ። ሠላሳ ናቸው፤ ያገለገሉ ቢሆኑም ደህና ናቸው። መቀስ ሦስተኛ ፎቅ ወጥታ አንድ በአንድ ፔዳላቸውን ረገጠች፣ መርፌያቸውን ነካካች። ከመስኮቱ ሥር ደግሞ የመቁረጫ ጠረጴዛ ነበር፤ ርዝመቱ ስድስት ሜትር ይሆናል፤ አንድም ጭረት የለበትም። መዳፏን ከጫፍ እስከ ጫፍ አሻሸችበት። ደረጃውን ስትወርድ ጉልበቷ ቀሎላት ነበር።

ሰው ለመሰብሰብ ሦስት ቀን አልፈጀባትም። የድሮ የሥራ ባልደረቦቿን በየቤታቸው እየዞረች ጠራች። አንዷ የገበያ መደቧን ለቀቀች፤ አንዱ የጥበቃ ሥራውን ተወ። አልሰማ ያለቻት ታናሽ እህቷ ብቻ ነበረች። እህቷ ባሏ ቤት ትኑር እንጂ አንድ መንደር ናቸው። ክሊኒክ ውስጥ አንሶላ ማጠብ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል።

"እትዬ፣ የክሊኒኩ ሥራ ትንሽ ናት፤ ግን አለች" አለች እህቷ።

"እጅሽን እስቲ እዪው። በረኪናው ጨርሶታል። ሃምሳ ዓመት ሲሞላሽ ማንኪያ መያዝ ያቅትሻል።"

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብኝ ነዋ።"

"እኔ እዚያ እያለሁ? ማሽኑን በእጄ ነክቼዋለሁ። ምን ይሁንልሽ ነው የምትይው? ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው ሙሽራ መሆንሽ ነው?"

እህቷ ስትስቅ አፏን በእጇ መሸፈን ትወዳለች። ሸፍና ሳቀች፤ በማግስቱም ክሊኒኩን ተሰናበተች። ቁጥሩ በእሷ ስድሳ ሞላ።

ሦስት ሳምንት ልምምድ ነው ተባለ። ልምምዱ ግን ብዙውን ጊዜ መጥረግና መወልወል ነበር። ማሽኖቹ መብራት አልገባላቸውም። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት እየተረተሩ፣ በጠመኔ ንድፍ እያወጡ፣ የወረቀት ሸሚዝ ሲቆርጡ ይውላሉ። መቀስ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተዘዋወረች እጅ ታርማለች። ሁለት ዓመት ሙሉ የደነዘዘ እጅ ሲፍታታ ማየት ደስ ይላት ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ሁሉም በወረቀት ሸሚዛቸው ሲሳሳቁ፣ እህቷ የሠራችውን ለብሳ ስትሽከረከር፣ በመቀስ ልብ "ፋብሪካው እንኳን ተዘጋ" የሚል ሐሳብ አለፈ። በኋላ ይህንን ስታስታውስ ታፍራለች።

ተቆጣጣሪው የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ዓርብ ጠዋት ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ነው፤ የመነጽሩ አንድ እጀታ በቀጭን ሽቦ የታሰረ፣ ዝምተኛ፣ በዕድሜ ከመቀስ ትንሽ የሚበልጥ። ያን ዕለት ጓሮ ውስጥ ጄኔሬተር ተነሥቶ ነበር። በየጠረጴዛው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ተከምሯል። ሠላሳው ማሽን ክር ሳይገባበት ይጮኻል። ሰባት በር ከተቆጣጣሪው ኋላ ኋላ እየሄደ "ልጆቼ ናቸው" ይላል።

ተቆጣጣሪው በእስክሪብቶው ጫፍ ሰው ቆጠረ። ሁሉም ተራ በተራ ስሙ ፊት ፈረመ። በመጨረሻ ቅጹ መቀስ ፊት ተዘረጋ፤ "ኃላፊ" ከሚለው ሥር መፈረም አለባት። ዓይኗ አንድ መስመር ላይ አረፈ። ሠራተኞቹ የተቀጠሩት ከሦስት ወር በፊት ነው ይላል።

"ጋሼ፣ ይሄ ቀን..." አለች በቀስታ።

"ሕጉ ሦስት ወር የሠሩ ይላል" አላት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ። "ሦስት ወር ብንጠብቅ ኖሮ ማሽኑ ይመለስ ነበር። አንቺ ቃል ስትመርጪ ስድሳ ሰው ቤቱ ይግባ?"

መቀስ ቀና አለች። ስድሳው ሰው ያያታል። እህቷ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ እግሯን ፔዳል ላይ አድርጋለች። ፈረመች። ተቆጣጣሪው ፊርማዋን አየው፣ እሷን አያት፣ ወረቀቱን አጠፈ።

ሰኞ ጠዋት ሲመጡ ሰባቱም በሮች ተቆልፈዋል።

"ጨርቅ እስኪመጣ ነው" አለ ዘበኛው።

"ሰማያዊው ጨርቅስ?"

"እሱማ የሰው ነው። ቅዳሜ ወሰዱት።"

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ተመላለሱ። በሦስተኛው ማሽኖቹ በገመድ እየታሰሩ ወርደው መኪና ላይ ሲጫኑ መቀስ ከመንገዱ ማዶ ቆማ አየች። የኪራይ ነበሩ። ጠረጴዛው እንዳለ በደረጃው ስላላለፈ ለሁለት ተሰንጥቆ ወረደ።

የመንደሩ ሰው በመጀመሪያ ያማት የነበረው ከኋላዋ ነው። ቆይቶ ፊት ለፊት ሆነ። የገበያ መደቧን የለቀቀችው ሴት ውኃ ቧንቧ ጋ አግኝታት፣ "አንቺማ ምን አለብሽ፣ የደረሰሽን ታውቂያለሽ" አለቻት። ከሰባት በር ጋር ተካፍላለች ማለቷ ነው። መቀስ ባልዲዋን አንሥታ ሄደች። አልተካፈለችም፤ ግን ቀኑን አይታ ፈርማለች። ይህን ያየ ሌላ ሰው የለም። እሷ ታውቃለች።

እህቷ ክሊኒኩን ለመለመን ሄደች። በቦታዋ ሌላ ሰው ገብቷል። "ባለፈው ወር ብትመጪ" አሏት፣ ባለፈው ወር የወጣችው እሷ ራሷ እንዳልሆነች ሁሉ። እህቷ አልተቆጣችም። መቀስ ቤት መምጣት ብቻ ተወች። ባሏ ግን መቀስን መንገድ ላይ አግኝቶ፣ "ሚስቴን ከእንጀራዋ ነቅለሽ እኔ ላይ ተከልሻት" አላት።

እንዲህ እያለ አንድ ማክሰኞ መቀስ አባቷን ደግፋ ክሊኒክ ደረሰች። የካርድ ክፍሉ ጸሐፊ ደብተሩን ተቀብሎ አንድ ዝርዝር ላይ ጣቱን አስኬደ፤ ደብተሩንም መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

"ቤታችሁ ቋሚ ሠራተኛ አለ ይላል።"

"ማን ነው እሱ?"

"እርስዎ ነዎታ። ኃላፊ ነዎት እንጂ ተራ ሠራተኛም አይደሉ።"

"ሥራው የለም እኮ! በሩ ተቆልፏል፤ ሄደው ይዩት።"

ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እሜቴ፣ የነጻ ሕክምናው ከሕንፃ ግብር ነው የሚመጣው" አላት። "ዘንድሮ ለየባለሕንፃው የግብር ምሕረት እየተደረገ ገቢው ወርዷል፤ ደብተር አጣሩ ተብለናል። ከቀጣሪዎ የስንብት ወረቀት ያምጡልኝ፤ በዚያው ቀን እመልስልዎታለሁ።"

መቀስ አባቷን ግድግዳ አስደግፋ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና ወደ ሰባት በር ሮጠች። ሰውየው ምድር ቤቱ ውስጥ፣ በብቸኛው ክፍት በር አጠገብ ተቀምጦ ነበር። የመጣችበትን ነገረችው።

"አባትሽን እግዜር ይማራቸው" አለ። "ግን ብጽፍልሽ ሃምሳ ዘጠኝ ልሆን ነው።"

"ምን?"

"ሕጉ ስድሳ ነው የሚለው። አንድ ሰው ከጎደለ ግብሩ ይመጣል። ግብሩ ከመጣ ደግሞ መስፊያው መቼም አይከፈትም። ስድሳ ሰው ከመጉዳት..."

"ጋሼ፣ አባቴ እኮ ነው። መተንፈስ አቅቶታል።"

"ሰው አምጪና ተኪ። ዛሬውኑ እጽፍልሻለሁ።"

ያን ቀንና በቀጣዮቹ ቀናት መቀስ የሚተካት ሰው ፈለገች። ነገሩ ያልገባው አልነበረም፤ ስሙን ሊሰጥ የወደደ አልተገኘም። የስፌት ማሽኗን ሸጣ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ገዛች። መድኃኒቱ ሲያልቅ የአባቷ ከንፈር መጥቆር ጀመረ። ክሊኒኩ አንድ ጊዜ በድንገተኛ ተቀብሎ ለግማሽ ቀን ጭምብሉን አድርጎላቸው መለሳቸው።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆዩ። የመጨረሻውን ጠዋት መቀስ ፊታቸውን እያጠበቻቸው ነበር። "መስኮቱን" አሉ። ከፈተችው። ከመንገዱ ላይ የጋሪ ድምፅ ይመጣል። ዞር ስትል ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው፤ ደረታቸው ግን አይንቀሳቀስም። ፎጣውን ውኃ ውስጥ ነከረች። ከዚያ ፊታቸውን አጥባ ጨረሰች።

እህቷ መጣች። ገብታ አለቀሰች፤ ከመቀስ ጋር ግን አልተቃቀፈችም። ከቀብሩ መልስ ሰው ሲበተን የአባታቸውን አንሶላና ብርድ ልብስ ሰብስባ ጓሮ ወስዳ አጠበች። መቀስ ከበሩ ላይ ሆና አየቻት። አንሶላው ነጭ ከሆነም በኋላ ታሸው ነበር።

"ይበቃዋል እኮ" አለቻት መቀስ።

እህቷ ጨምቃ አሰጣችው፤ እጇን በቀሚሷ አብሳ ወጣች።

ከመጀመሪያው ቆጠራ በስድስተኛው ወር ማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ቆጠራ አወጀ። ሰባት በር ዘበኛውን ወደ መንደሩ ላከ። አንድ ቀን መጥቶ ማሽን ፊት ለሚቀመጥ የአንድ ቀን አበል አለ ተባለ። ይኼኔ መቀስን ሰላም ማለት ትተው የነበሩት ሁሉ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። የገበያዋ ሴት ቀድማ መጣች።

"ያለፈው አልፏል እትዬ መቀስ። ስሜን እንዳትረሺ።"

"ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?"

"አውቃለሁ። ሆዴ ግን አያውቅም።"

በመጨረሻ እህቷ መጣች። አልተቀመጠችም። "ባሌ ከሥራ ተቀንሷል። ያን ቀን እገባለሁ" አለች። "አንቺም ግቢ። ኃላፊዋ ከሌለች አይቆጠርም ብሏል ዘበኛው።"

መቀስ ገባች። ሠላሳ ማሽን እንደገና በኪራይ መጥቷል፤ ጄኔሬተሩ እንደገና ይጮኻል፤ ጨርቁ ዛሬ አረንጓዴ ነው። በመቁረጫ ጠረጴዛው ቦታ ሁለት በር ተነቅሎ በሳጥን ላይ ተጋድሟል። ያው ተቆጣጣሪ፣ በዚያው በሽቦ በታሰረ መነጽሩ፣ ቆጥሮ ጨርሶ መቀስ ፊት ቆመ።

"እዚህ የሚሠሩት ምንድን ነው?" አላት። ቅጹ ላይ ያለ ጥያቄ ነው፤ ቀና ሳይል ነው የጠየቀው።

"ተቀምጠናል" አለች።

ሰባት በር ሳቀ። "ትቀልዳለች።"

"አልቀልድም። ዛሬ ጠዋት መጣን፣ ማታ እንወጣለን፣ ነገ በሩ ይቆለፋል። ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር። ሦስት ወር ሠሩ ብዬ የፈረምኩት ውሸት ነው። ቀኑን አይቼ ነው የፈረምኩት።"

ማሽኖቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ። ተቆጣጣሪው መነጽሩን አወለቀ።

"እሜቴ፣ እኔ የማላውቅ ይመስልዎታል?" አላት። "የቆጠርኩት ሕንፃ ሁሉ እንዲህ ነው። ይህ ቅጽ 'አለ' እና 'የለም' ነው ያለው። ስድሳ ሰው አለ። ሌላውን የምጽፍበት ቦታ አልሰጡኝም።"

"ከጀርባው ይጻፉት።"

"የሐሰት ፊርማው የእርስዎ ነው። የሚጠየቁት መጀመሪያ እርስዎ ነዎት።"

"ልጠየቅ።"

ቅጹን ገልብጦ ሰጣት። ጨርቅ ላይ እንደምታሰምረው ቀጥ አድርጋ ጻፈች፤ ስለ ቀኑ፣ ስለ ኪራይ ማሽኑ፣ ስለ ስንብት ወረቀቱ፣ ስለ አባቷ። ፈረመች።

ሰባት በር ያን ቀን ለማንም አበሉን አልሰጠም። ስድሳው ሰው በአጠገቧ እያለፈ ደረጃውን ወረደ። አንዱ ተፋ። እህቷ የወረደችው መጨረሻ ላይ ነው፤ ፊቷ ቆመች።

"ለአባባ ብለሽ ነው ወይስ ለራስሽ?"

"አላውቅም።"

"እኔስ? ለእኔ ብለሽ ዝም ማለት አትችዪም ነበር? አንዲት ቀን?"

እህቷ ሄደች።

ከሁለት ወር በኋላ ከማዘጋጃ ቤት ሁለት ደብዳቤ ወጣ። ለሰባት በር የጎደለውን እንዲያስተካክል የሦስት ወር ጊዜ ተሰጠው። ለመቀስ በሐሰት ፊርማ መቀጫ ተጣለባት፤ ስሟም ከዝርዝሩ ተሰረዘ። በቦታዋ የገበያዋ ሴት ኃላፊ ሆና ተጻፈች። በዓመቱ መጨረሻ የከተማው ምክር ቤት በግብር ምሕረቱ ብዙ ሥራ ተፈጠረ ብሎ ምሕረቱን ለተጨማሪ ዓመታት አራዘመው። ክሊኒኩ በሳምንት ሁለት ቀን መዝጋት ጀመረ።

መቀስ መቀጫዋን የቤቷን ዕቃ ሸጣ ከፈለች። መንደሩ ውስጥ ዚፕ የሚያስቀይራት ስላልነበረ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ ቆረጠች። እዚያ የልብስ ፋብሪካ አለ ይባላል፤ በዕድሜዋ ይቀበሏት አይቀበሏት አታውቅም። በምትሄድበት ጠዋት ሻንጣዋን ጎትታ ስትወጣ እህቷ በሩ ላይ ቆማ አገኘቻት። ማን እንደነገራት አልጠየቀችም። እህቷ ሻንጣውን ተቀበለቻትና ወደ መኪና ማቆሚያው አብረው ሄዱ።

አውቶቡሱ በር ላይ ሲደርሱ እህቷ ሻንጣውን አቀበለቻት።

"ሥራ ካለ ጻፊልኝ" አለች።

"እሺ።"

"ካለ ነው ግን። በዓይንሽ አይተሽም አይደለም። ደመወዝ ከተቀበልሽ በኋላ።"

"እሺ እታለም።"

መቀስ ልታቅፋት እጇን ስትዘረጋ ረዳቱ "ግቡ፣ ግቡ" እያለ ከኋላ ገፋት። ገብታ በመስኮቱ ስታይ እህቷ ተመልሳ መንገዱን ተያይዛዋለች፤ ፈጠን ፈጠን እያለች፣ ሁለት እጇን ብብቷ ሥር ወሽቃ።